ለተጋዳሚ ብስክሌት የተሰፋ ሸራ

ሚያዝያ 4

ለመቃ፣

ስልክ ለማያነሳ ሰው ረጅም ሰላምታ አይገባውም። ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ። ሰባቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ትቆይና በስምንተኛው ቀን ድንኳን ወደ ከተማችሁ በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ ደብዳቤ ትልክልኛለህ! "ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል" ትላለህ። የኔስ ሆድ ከምን የተሰራ ይመስልሃል፣ ከሸራ?

ለማንኛውም አዎ፣ እሰፋልሃለሁ። ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ድንኳን የሰፋሁ ሴት ለገዛ ወንድሜ አንዲት ጥላ ታቅተኛለች እንዴ! በያጁ ጎረቤትህ ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ተጋድመው የሚነዱት ባለ ሦስት ጎማ ሰራልኝ ስትል መጀመሪያ የቀለድክ መስሎኝ ነበር። ሾፌሩ ግን አይቶታል። "ወንበሩ ወደ ኋላ የተኛ ነው፣ ፔዳሉ ከፊት ነው፣ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚመታው" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጭምር አሳየኝ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ የማተሚያ ቤት መሰላል ላይ ወድቀህ ወገብህ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አውቶቡስ አልሆነልህ፣ ታክሲ አልሆነልህ። ከዚያች ክፍል የሚያወጣህ ከተገኘ ተኝቶ መሄድስ ምን ነውር አለው?

አለቃህ እስከ ሐምሌ 1 ነው የምጠብቅህ ካሉ ጊዜ የለንም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ የአራሚነት ቦታህ የሌላ ሰው ነው፤ አንተም እዚያው ግድግዳ እያየህ ልታረጅ ነው። ስለዚህ ቶሎ ልኬቱን ላክ፦ ከወንበሩ አናት እስከ ጫማህ ጫፍ፣ ደግሞ ከትከሻ እስከ ትከሻ። በሜትር ለካ፣ በስንዝር እንዳትልክልኝ፤ ያንተ ስንዝር የሰው ክንድ ያህላል።

እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች። መቼ እንደምመጣ ገና አልወሰንኩም፣ ወርክሾፑ ስራ በዝቶበታል።

እህትህ


ሚያዝያ 13

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከመልሴ በፊት አንድ እርማት፦ "ሥራ" የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ሰ ሦስት ቦታ ጽፈሽዋል። በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ ልመልስልሽ ነበር፣ ከዚያ ሸራውን ትከለክይኛለሽ ብዬ ተውኩት።

ልኬቱ ጀርባው ላይ አለ። ርዝመቱን ስታይ እንዳትደነግጪ፣ ሰው ሲጋደም ይረዝማል።

ፀሐዩ ምን ያህል እንደሚከፋ ላስረዳሽ። ማተሚያ ቤቱ ከቤቴ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት ስሄድ ፀሐይ ፊቴ ላይ፣ ማታ ስመለስ ፀሐይ ፊቴ ላይ። ሌላው ብስክሌት ነጂ አንገቱን ይደፋል። እኔ አንገቴን የምደፋበት የለኝም፣ ሰማይ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው የምሄደው። ባርኔጣ ሞከርኩ። የኋላው ክፈፍ የወንበሩን መደገፊያ ሲነካ ባርኔጣው ወደ ፊት ይገፋና ዓይኔ ላይ ይደፋል፣ ታውሬ ቁጭ! ይቅርታ፣ ታውሬ ጋደም። ጃንጥላም ከወንበሩ ጋር አሰርኩ። አከራዬ ከመስኮታቸው እያዩ "ልጄ፣ ልትበር ነው?" አሉኝ።

ክፍሌ እንደነበረች ናት። መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ያሳያል፤ ግድግዳው ላይ ሦስት ስንጥቅ አለ፣ መካከለኛው በዚህ ወር አንድ ጣት ጨምሯል። ብስክሌቱ በአልጋዬና በበሩ መሃል ስለቆመ ሽንት ቤት ለመሄድ በላዩ መሻገር አለብኝ። አለቃዬን የማርመውን ወረቀት ቤት ይላኩልኝ ብዬ ነበር። የምናትመው የፈተና ወረቀት ስለሆነ አንድ ቅጠል ከግቢው አይወጣም አሉ። ትክክል ናቸው፣ ያናድዳል እንጂ።

እማዬ የራሷን ቃል ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ካንቺ በኩል "ደህና ናት" ብቻ ነው የሚመጣው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 25

መቃ፣

ንጉሡ የራሱን ስራ ይስራ። እኔ በእሳቱ እሰፋለሁ።

ጥቅሉን ሾፌሩ ያደርስልሃል። ስትፈታው በመቀስ እንዳትቆርጠው፣ ሲባጎውን በኋላ ትፈልገዋለህ። ሁለቱ ዘንጎች የድንኳን ዘንግ ናቸው፣ አጉብጬ ቀስት አድርጌያቸዋለሁ። በያጁ ከወንበሩ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት አጭር ቧንቧ ይበይድልህ፣ ጫፋቸው እዚያ ይሰካል። ሸራው ከላይ ነጭ ነው፣ ፀሀይ ይመልሳል። ከስር ጥቁር ገበር አግብቼበታለሁ፤ ነጭ ብተወው ከአስፋልቱ የሚነሳው ብርሃን ተመልሶ ዓይንህን ያጠፋው ነበር። ከራስህ በላይ በስተኋላ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ አለ። ረስቼው አይደለም! ሙቀቱ የሚወጣበት ነው፣ ከደፈንከው ትቀቀላለህ። የፊቱ ክፈፍ በአዝራር ይታጠፋል፤ ፀሀይ ዝቅ ስትል አውርደው፣ ከፍ ስትል ስቀለው።

"ለምን ራስሽ ይዘሽው አትመጪም" ብለህ በሾፌሩ የላክብኝን ሰምቻለሁ። ስራ አለ አልኩህ እኮ። ነገር አትጎትት፣ ብስክሌትህን ንዳ።

እህትህ


ግንቦት 8

እትዬ፣

እጅሽ ይባረክ። አከራዬ ግቢ ውስጥ ሲያዩት "ይሄማ ለሕፃን አልጋ ያምራል" አሉ፤ ስድብም ይሁን ምርቃት አላወቅኩም። ትናንት እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመለስኩ። ክፈፉን አወረድኩት፣ ዓይኔ አላለቀሰም። ስለ ፀሐይ አታስቢ፣ የፀሐይ ነገር አልቋል።

የዝናቡ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀጥ ብሎ በተቀመጠ ሰው ላይ ዝናብ ይንሸራተታል፣ በተጋደመ ሰው ላይ ይጠራቀማል። ሆዴና ጭኔ መሃል ኩሬ ይሠራል። በአፍንጫዬም ይገባል፣ ቀዳዳው ወደ ሰማይ ነዋ! ስለዚህ ከደረቴ እስከ እግሬ የሚሸፍን መጎናጸፊያ ያስፈልገኛል፣ ፔዳሉ ውስጥ እንዳይገባ ጠበቅ ያለ። ግራና ቀኙንም ብትሸፍኚልኝ? ዝናብ ከጎንም ይመጣል። እስከ ጎማው ድረስ ቢወርድ አልጠላም።

ስለ ወገቤ በሾፌሩ ለጠየቅሽኝ፣ እንዳለ ነው። እንቅልፌም እንዳለ ነው። በሽታ የለብኝም፣ አታሰላስይ።

ወንድምሽ


ግንቦት 20

መቃ፣

እስከ ድልድዩ ሄድኩ ስትል እንዴት እንደሆንኩ ልንገርህ? መርፌውን አቁሜ ብቻዬን እልል አልኩ። ከዚያ አፈርኩና ዙሪያዬን አየሁ።

መጎናጸፊያውንና ጎኑን ሰፍቻለሁ። ጎኑ ግን እስከ ጎማ አይወርድም። ነፋስ ሲገባበት ሸራ ሸራ ሆኖ አይቀርም፣ ገልብጦ ቦይ ውስጥ ይከትሃል። እስከ ክርንህ አውርጄዋለሁ፣ ይበቃሃል። ደግሞስ ምን እየጠየቅከኝ እንደሆነ ታውቃለህ? መጀመሪያ ጥላ አልክ፣ ቀጥሎ ብርድ ልብስ፣ አሁን ግድግዳ። በሚቀጥለው የበር ደወል ግጠሚልኝ እንዳትለኝ።

ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ያጣድፈኛል። የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ይባላል፣ እንግዲህ ከነጉድለቱ ተቀበለው።

እማዬ "መቃን ሳሚልኝ፣ አይዞህ በይው" ብላሃለች።

እህትህ


ሰኔ 3

እትዬ፣

ሸራውን መልሼ ልኬልሻለሁ፣ አትቀየሚኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን በተከታታይ ዝናብ መታኝ። በስፌቱ በኩል ያፈሳል። ትከሻዬ ራሰ፣ አንገቴ ራሰ። እንዲህ ሆኖ ማተሚያ ቤት ብደርስ የፈተና ወረቀት ላይ እየተንጠባጠብኩ ምን ላርም ነው?

ስፌቱን ስትደግሚው፣ እግረ መንገድሽን ከፊትም መጋረጃ ጨምሪልኝ። የማይበት ቦታ ላይ ላስቲክ አድርጊ፣ ጠቆር ያለ ቢሆን ይሻላል፣ ለፀሐዩ። ጎኑንም እስከ ታች አውርጂልኝ፣ ነፋሱን እኔ እችለዋለሁ። ዚፑ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን።

ቀኑ መቅረቡን አውቃለሁ፣ ጽፈሽልኛል። ሸራው ከደረሰልኝ እደርሳለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 10

አንተ!

ሸራህ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ጥገና አልነካውም፣ እንዳለ ልመልስልህ ነው። መጀመሪያ ግን እህትህ የምትኖርበትን ሙያ ላስተምርህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጠይቀኸኝ አታውቅም።

ሸራ በጥጥ ክር ነው የሚሰፋው። መርፌ ባለፈችበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል፣ አዲስ ድንኳን ደግሞ በዚያ ቀዳዳ ያፈሳል፣ የማንም ሰፊ ቢሰፋው ያፈሳል። ስለዚህ ከመሸጡ በፊት ግቢ ውስጥ ዘርግተን ውሃ እናርከፈክፍበታለን። "ማጠጣት" ነው የምንለው። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አብጦ የራሱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ከዚያ ወዲያ ጠብ አይልም። ያልረጠበ ሸራ ዝናብ አይከለክልም። ያንተን ሾፌሩ ሲያጣድፈኝ ሳላጠጣው ላክሁት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ያጠጣዋል ብዬ።

አሁን ክሩን እያየሁት ነው። ከጥቅሉ የወጣ ቀን እንደነበረው ቀጭን ነው። በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር እንኳ ከዳር እስከ ዳር አለ! የሦስት ቀን ዝናብ ጠመኔ አያጥብም? ይሄን ሸራ አንዲት ጠብታ አልነካችውም፣ አቧራም አልነካውም። ድልድይ ቀርቶ የግቢውን በር አላየም። የሚያስቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ብትወጣ ኖሮ እውነትም ያፈስብህ ነበር። ውሸትህ እውነት ይሆንልህ ነበር!

ተናድጃለሁ። ብቻዬን እልል ያልኩባት እልልታ ታናድደኛለች። እኔ ከቤት የሚያወጣህን ጥላ እየሰፋሁ መስሎኝ፣ አንተ ለካ ሌላ ክፍል ታሰፋኛለህ፣ ዚፑ ከውስጥ የሚዘጋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምን እንደሆንክ ጻፍልኝ፣ ሐምሌ 1 ሳይደርስ ጻፍልኝ፣ በሞትኩት።

እህትህ


ሰኔ 16

እትዬ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ያንቺው ግን ጠመኔ ነው ያጠራው። በሙያዬ የሌላውን ስህተት ስለቅም ኖሬ የራሴ በክር ተያዘ። ይሁን።

አንዴ ወጥቻለሁ። ሚያዝያ 2 ነው፣ ያንቺ ሸራ ሳይኖር። ጠዋት ነው፣ መንገዱ ጭር ያለ። በያጁ ከኋላዬ ቆሞ "ንዳው!" ይለኛል። ነዳሁት። እግሬ ይሠራል እትዬ፣ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፣ መንገዱ በራሱ የሚሄድ መሰለኝ። ጥጉ ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ መጡ። አዩኝ፣ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ገባሽ? አስከሬን መስያቸው ነው። እየገፉ የሚወስዱኝ መስሏቸዋል። በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን የለም። ሰው ተጋድሞ በመንገድ ሲሄድ የሚታወቀው አንዴ ነው፣ ሰውየው ምን ያጥፉ! በያጁ እስኪያነባ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ፣ ከዚያን ቀን ወዲህም አልወጣሁም። ብስክሌቱ ላይ ግን በየቀኑ እተኛለሁ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጥላሽን ተክዬ። አንዳንዴ ምሳዬንም እዚያው እበላለሁ። የማልወጣው ፀሐይና ዝናብ ፈርቼ አይደለም። ሰው እንዲያ ሲያየኝ ምናልባት ልክ ናቸው ብዬ እንዳላስብ ነው።

ይኸው፣ ጻፍኩልሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

እማዬ "መቃን ሳሚልኝ" አለች ብለሻል። እማዬ መቃ ብላኝ አታውቅም። "መቃ ውስጡ ባዶ ነው፣ ልጄን ባዶ አትበሉብኝ" እያለች በወጣትነቷ ስንቱን የሠፈር ልጅ በዱላ አባርራለች። አንቺንም ጭምር! ይቺን ቃል ከሷ አፍ አልሰማሻትም። ፈጠርሻት። ለምን? እናቴ ምን ሆናለች? አለች?

ወንድምሽ


ሰኔ 23

ወንድሜ፣

አለች፣ አለች። አትደንግጥ። እንዲህ እስክትጠይቀኝ ድረስ ማድረሴ ያሳፍረኛል።

ቃል የላከችልህ ዕለት የለም፣ ምክንያቱም አንተን አታስታውስም። እኔንም እንደዚያው። "አንቺ ሴትዮ" ነው የምትለኝ። ደህና ቀን ስትሆን "የዚህ ቤት ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?" ትለኛለች፣ "አሁን ይመጣሉ" እላታለሁ። ሲከፋት "ቤቴ ልሂድ" ትላለች፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ ሆና። ባለፈው ጥቅምት ጎረቤታችን ይዛት እኔ ወርክሾፕ ደርሼ ስመለስ የለችም። ጎረቤታችን ድስቷን ልታወጣ ዞር ብላ ነው። ሦስት ሰዓት ፈለግናት። ባቡር ሐዲዱ ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በቀስታ ስትራመድ አገኘናት። ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ እጄን ታጥቤያለሁ አለች፣ አልፈርድባትም።

የስፌት መኪናዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳ ውስጥ ነው። ወርክሾፕ ስልህ የነበረው ጓዳውን ነው። ጨርቁን ያመጡልኛል፣ የተሰፋውን ይወስዱታል። ዘይቱንም ሳሙናውንም ሾፌሩ ነው የሚገዛልኝ። የግቢው በር በቁልፍ ነው፣ ቁልፉ በክር አንገቴ ላይ ነው፣ ስተኛም አላወልቀውም። ስምንት ወር ሆነኝ መቃ። ከበሩ ወዲያ አንድ እርምጃ ከተራመድኩ ስምንት ወር። ጨርቁን የሚያመጡልኝ ሰዎች "ሌላ ሰው የለሽም?" ይሉኛል፤ ያለኝ ሰው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ወገብህን ይዘህ ተኝተሃል። ነግሬህ በአልጋህ ላይ ምን ላስደርግህ ነበር፣ ጸጸት?

ስለ ሽማግሌው ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ይቅርታ፣ አላስቻለኝም። ከዚያ አንጀቴን በላኸው። እህትህ ነኝና ልንገርህ፦ ሰውየው አልተሳሳቱም፣ በጊዜው የተነሳ ሰው አላዩም። ሄደህ አርማቸው። ስራህ እርማት አይደል?

ሸራውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። መጋረጃ የለውም፣ ዚፕ የለውም። አሁንም አላጠጣሁትም።

እህትህ


ሐምሌ 1

እትዬ፣

ይህን የምጽፈው ከአራሚዎች ክፍል ነው። ወረቀቱ የማተሚያ ቤቱ ነው፣ እንደ ስርቆት አይቆጠርብኝም ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፣ ካንቺ ቁልፍ ስላፈርኩ ነው። የኔ በር ከውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ነበር።

ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ዘነበ። አፈሰሰ! መጀመሪያ ግራ ትከሻዬ ላይ፣ ቀጥሎ አንገቴ ላይ፣ ልክ በውሸቴ እንደጻፍኩልሽ። ስምሽን እየጠራሁ ተሳደብኩ፣ ይቅር በይኝ። ዳቦ ቤቱ ጋ ቀነሰ። ድልድዩን ስሻገር ቆመ፣ ዝናቡ ሳይሆን የሸራው ማፍሰስ። ዝናቡ ላዬ ላይ ሲያንኳኳ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ደረቅ ነኝ። መሃል መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰዎች አይተውኛል። አንዲት ሴት መሻገሪያው ላይ ጎንበስ ብላ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አለችኝ። "ተጋደምኩ እንጂ አልሞትኩም!" አልኳት። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ደነገጠች። ባርኔጣ ያወለቀ የለም።

አለቃዬ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ "ጫማህን ጥረግ" አሉኝና አንድ ክምር ወረቀት ሰጡኝ። በኔ ቦታ ሊቀጠር የነበረው ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። የተጋደመ ወንበር ጥግ ላይ አዘጋጅተውልኛል፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ነው። ስንጥቅ የለውም፣ እስካሁን።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያን ሁሉ ከነገርሽኝም በኋላ፣ አንድም ነገር አልጠየቅሽኝም። እባክሽ ጠይቂኝ፣ አፈር ስሆን።

ወንድምሽ


ሐምሌ 9

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሾፌሩ በአጥሩ ላይ ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ግን አሁን ከተወሻሸን ወዲህ መዋሸት ሰልችቶኛልና የቀረውንም ስማ፦ ቀናሁብህ። ዳቦ ቤቱ ጋ፣ ድልድዩ ጋ ስትል ቀናሁብህ። የሰፋሁት እኔ፣ የወጣኸው አንተ። ሥጋዬ ነህ፣ ሁለት ዓመት የጸለይኩት ለዚህ ነው፣ ግን ክፉኛ ቀናሁብህ። በነጋታው እማዬ ስትተኛ በሩ ጋ ሄጄ ቁልፉን ከትቼ አዞርኩት። ከፈትኩት። አንድ እግሬን አወጣሁ። አንድ መኪና አለፈ፣ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ አለፈች፣ አላየችኝም። "አንቺ ሴትዮ!" ብላ እማዬ ጠራችኝ። ተመለስኩ፣ ቆለፍኩ።

ጠይቂኝ ብለሃል። ምን እንደምጠይቅህ ሁለት ቀን አሰብኩ፤ መጠየቅ የተረሳኝ ይመስለኛል። ይኸው፦ ና እና አንድ ቀን ተካኝ። አንድ ቀን ብቻ። ዓመት በዓል እንዲሆን አልፈልግም፣ እንግዳ እንድትሆን አልፈልግም። ጠዋት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ። የምሄድበትን አትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቀውም። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ ብሏል፣ ብስክሌቱንም ከኋላ ይጭነዋል። አለቃህን ፈቃድ ጠይቅ። ካልፈቀዱ ንገረኝ፣ አልቀየምም። እቀየማለሁ፣ ግን ያልፍልኛል።

እህትህ


ነሐሴ 4፣ ጠዋት፣ ጠረጴዛው ላይ

መቃ፣

ተኝተሃል፣ አልቀሰቅስህም። ትናንት ማታ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም፤ ደብዳቤ ሳይሆን ፊት ለፊት ሲሆን አፋችን ይተሳሰራል ለካ።

እማዬ ስትነሳ "ማነህ?" ትልሃለች። ልጅሽ ነኝ ብለህ አትከራከር፣ ታለቅሳለች። "የዚህ ቤት ሰዎች አሁን ይመጣሉ፣ እስከዚያ ከእኔ ጋር ተቀመጪ" በላት። ካንተ ጋር ጋደም ማለት ትወዳለች ብዬ እገምታለሁ፣ ትናንት ተጋድመህ ስታይህ ብርድ ልብስ አልብሳሃለች፣ ሰው ስታለብስ አስር ወር አላየሁም። ብስክሌቱ ላይ ልትወጣ ከፈለገች ተዋት፣ ግቢውን አዙራት። ጥላውን ግን ትከልላት፣ ፀሀይ አትወድም። መድኃኒቷ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ በምግብ። መቀሱን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቼዋለሁ።

በሩን ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄጃለሁ። ስትነሳ ትናደድ ይሆናል። መለዋወጫ የለውም፣ ደግሞም በሷ ልብ አይጣልም። አይዞህ፣ ቤት ተዘግቶ መቀመጥን ካንተ የተሻለ የሚያውቅበት የለም።

ጫማዬን በሩ ጋ ሳስር እጄ እንቢ አለኝ። አስር ወር ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት፣ ማሰሪያ ረስቻለሁ። መጀመሪያ ወደ ግራ ነው የምሄደው። ከዚያ ወዲያ ያልኩት ነገር የለም።

ማታ እመለሳለሁ። ማታ እመለሳለሁ። ድጋሚ ነው ብለህ በቀይ እንዳትሰርዝብኝ፣ አንዱ ለራሴ ነው።

እህትህ